የዘይት መብራቷ

ካፒቴኑ የተገኘው በሸምበቆው መሃል በደረቱ ተንሳፍፎ ነበር። ማዕበል በመጣ ቁጥር ትከሻው ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ከሩቅ ለሚያየው የወደቀበትን ዕቃ ውሃ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ይመስላል። ጀልባው ከአጠገቡ ቆማለች። የሞተሩ ክዳን ወልቆ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የዘይት መለኪያዋ ዘንግ ተመዝዛ አግዳሚው ላይ ተጋድማለች፤ ከጎኗ ዘይት የነካው ጨርቅ አለ።

ካፒቴን ብሎ የሾመው መንግሥት አልነበረም። ሐይቁን ወዲህና ወዲያ ሰው ሲያሻግር ፀጉሩ ስለሸበተ፣ ማዕረጉን የሰጠው ወደቡ ራሱ ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅኑ። ውሃ ስለሚፈራ የፖሊስ ጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጧል። «ሞተሩ አስቸገረው፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ጎንበስ ሲል አዳለጠው። ጭንቅላቱን መታውና ውሃ ውስጥ ገባ። አለቀ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «እሺ ከዚያስ» ነበር የሚሏት፤ ተናግሮ የጨረሰ ሰው እውነት መጨረሱን ስለማታምን። ራሷንም እንደማታምን ግን ባልደረቦቿ አያውቁም ነበር።

«ከዚያማ ሞተ» አለ ሳጅኑ። «ከሞት ወዲያ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም።»

«ጎንበስ ብሎ የወደቀ ሰው ግንባሩን ነው የሚመታው። የዚህ ሰው ቁስል ማጅራቱ ላይ ነው።»

«ዞሮ ወድቆ ቢሆንስ?»

«ሊሆን ይችላል።»

እውነትም ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ ቁስሉን ትታ ጀልባዋን ማየት ጀመረች። ሁለት ነገር ዓይኗን ያዘው። አንደኛ፣ ሞተሩ ወደ ላይ ተነሥቶ ተጋድሟል፤ ውሃውን የሚቀዝፈው ፕሮፔለሩ አየር ላይ ነው። ሁለተኛ፣ በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ያለው ገመድ ቀለበቱ ላይ ክፉኛ ጠብቋል። ቋጠሮውን በጥፍሯ ልትፈታው ሞከረች፣ እምቢ አላት። በብዕር ጫፍ ሞከረች፣ ብዕሩ ተሰበረ።

ሬሳውን ያገኘው ሌላ ጀልባ ነጂ ትንሽ ራቅ ብሎ በራሱ ጀልባ ላይ ተቀምጧል። ንግግሩን ሁሉ «ሎተሪ ሲደርሰኝ» ብሎ ስለሚጀምር ሎተሪ ይሉታል።

«ስታገኘው ጎትተኸው ነበር?» አለችው።

«ኧረ እኔ! ስልክ ደወልኩና እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ሬሳ የነካ ሰው መከራው ብዙ ነው።»

«ዘይት የሚለካ ሰው ሞተሩን እንዲህ ያጋድመዋል?»

ሎተሪ አንገቱን አስግጎ አየ። ልብ ያላለው ነገር እንደነበረ ፊቱ ተናገረ። «አያጋድመውም። ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ውሸት ያሳይሻል። ቀጥ አድርጎ ነው የሚለካው። ምናልባት ግን ሸምበቆው እንዳይጠመጠምበት ብሎ ይሆናል።»

«ምናልባት። ተሳፋሪ በመጫን ተራ ተጣልታችሁ ነበር አሉ?»

«ተጣልተናል። ይኸው» አለና ከንፈሩን ገልጦ የጥርሱን ክፍተት አሳያት። «በቡጢ ነው የነቀለልኝ። እውነቱን ልናገር ካልሽ፣ ተራው የእሱ ነበር።»

«ይህን ሞተር ታውቀዋለህ?»

«ሳላገባት የቀረሁ ሚስት ናት በይው። የገዛት ዕለት ካፒቴኑ ውረድልኝ እስኪለኝ ድረስ ስዳስሳት፣ ሳስነሣት፣ ሳጠፋት ነው የዋልኩት። ሎተሪ ሲደርሰኝ እንደሷ ያለችውን ነው የምገዛው።» ከዚያ ሬሳውን አየና ድምፁ ወረደ። «ደግ ሰው ነበር እኮ። ጥርሴን ነቅሎ ሐኪም ቤት ራሱ ነው የወሰደኝ።»

*

ወደ ወደቡ ሲመለሱ ጉዳዩ ያለ እሷ ተዘግቶ ጠበቃት። የጣቢያው አዛዥ ካፒቴኑን የገደለው ቸልተኝነት ነው ብሎ ወስኗል። ቸልተኛውም ታስሯል፦ የካፒቴኑ የልጁ ባል፣ የወደቡ መካኒክ።

«ትናንት ከሰዓት ዘይት የቀየረለት እሱ ነው» አለ አዛዡ። «ዛሬ ጠዋት የሞተሩ የዘይት ማስጠንቀቂያ መብራት በራ። ከዘይት ለውጥ በኋላ መብራት ከበራ ጥፋቱ የማን ነው? በዚያ ላይ ትናንት ጋራዡ ውስጥ ሲጯጯሁ ሰው ሁሉ ሰምቷቸዋል። ሆን ብሎ ይሁን በስህተት ፍርድ ቤት ይለየው። ነገ ከሰዓት ወደ ዋናው እስር ቤት ይሄዳል።»

«መብራት እንደበራ ማን ነገራችሁ?»

«ወንድሙ። ሟቹ ከሐይቁ ላይ ደውሎለታል። ስልኩን አይተነዋል፤ የመጨረሻው ጥሪ ለእሱ ነው።»

የካፒቴኑ ቤት ከወደቡ በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው። ታናሽ ወንድሙ በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። መርማሪዋ ልቅሶው የውሸት ነው ብላ አላሰበችም፤ አልነበረምም።

«ምን አለህ? ቃሉን እንዳለ ንገረኝ።»

«‹የዘይት መብራቱ በራብኝ› አለኝ። ‹ትናንት እኮ ነው ዘይቱ የተቀየረው፣ ይህ ልጅ ምን አድርጎብኝ ነው? ሞተሩን አጥፍቼ ልፈትሽ› አለኝ። ‹በል ተጠንቀቅ› አልኩት። ከዚያ በኋላ ብደውል ብደውል አያነሣም።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤቴ ነበርኩ። ጥርሴን ታምሜ ተኝቻለሁ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን ነው የምኖረው፣ እህቴ።»

«ከወንድምህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ነፍስና ሥጋ! አባታችን ሲሞት እኔ ገና መሄድ አልጀመርኩም። አዝሎ ነው ያሳደገኝ።»

«በአዲሱ ሞተር አብረኸው ትወጣ ነበር?»

«በየቀኑ። የወንድሜ ጀልባ አይደለች? የኔማ ምን ሞተር ናት፣ አሮጌ። ቀይ መብራቷ ቦግ ባለች ቁጥር ልቤ ነው የሚወድቀው። ዕድሜዬን ያሳጠረችው እሷ ናት።» ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም።

በዚህ መሃል የካፒቴኑ ልጅ ከውስጥ ወጣች። ልትወልድ የተቃረበች ናት፤ የበሩን መቃን ይዛ ነው የቆመችው። አጎቷ ሊደግፋት ተነሣ፤ እሷ ግን በዓይኗ አለፈችውና መርማሪዋን አየች።

«አንቺ ነሽ መርማሪዋ?»

«ነኝ።»

«አባቴን መልሱልኝ አልልሽም። ባሌን ግን መልሱልኝ። እሱ ባጠፋው አባቴ ሞቶ ከሆነ፣ ይህን የምወልደውን ልጅ ምን ብዬ ነው የማሳድገው? ‹አባትህ አያትህን ገደለው› ብዬ?»

መርማሪዋ ማጽናናት የማይችል ሰው እንደሚያደርገው ጥያቄ ጠየቀች። «አባትሽ ስለ ሞተሩ አማርረው ያውቃሉ?»

«አባዬ? ይስቅ ነበር እንጂ! እኔ ስጋት አለብኝ፤ ባለፈው ክረምት የማዶው ዓሣ አጥማጅ ከነልጁ ከሰጠመ ወዲህ ሐይቁን ሳየው ያመኛል። ጠዋት ጠዋት ሲወጣ፣ ‹መብራቴ እስካለች ድረስ አታስቢ› ይለኝ ነበር።»

መርማሪዋ ሰውየው በጨለማ የሚይዘውን የእጅ መብራት ማለቱ መሰላትና አለፈችው። ዳገቱን ስትወርድ ግን ቃሉ ጫማዋ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ሆነባት።

*

ጀልባዋ ከጋራዡ ፊት ለፊት ከእንጨት መሸጋገሪያው ጋር ታስራለች። ጋራዡ በቆርቆሮ የተሠራች አንድ ክፍል ናት፤ ዘይት የጠጣ ወለል፣ በመጠን የተደረደሩ መፍቻዎች፣ በየጣሳው የተለየ ብሎን። ቸልተኛ ሰው የሚሠራበት ቤት አይመስልም። «ቸልተኛ ሰውም ቤቱን ሊያስተካክል ይችላል» አለች ለራሷ፣ ወዲያው።

«አሁን ምን ልናደርግ ነው?» አለ ሳጅኑ።

«የዘይት መብራት የበራበት ሰው የሚያደርገውን።»

ሞተሩን ቀጥ አድርገው አወረዱት። ዘንጓን ጠርጋ ከተተችና መልሳ መዘዘቻት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ላይ ነው፤ ማር የመሰለ፣ ንጹሕ። በጣቶቿ መሃል አሸችው። ውሃ አልገባበትም፣ የብረት ብናኝ የለበትም። ከሞተሩ ጎን ወዳለችው የግፊት መቆጣጠሪያ የምትገባውን ሽቦ ጫፏን ይዛ ነቀነቀቻት። ጠብቃለች። ከሥር ዘይት የፈሰሰበት ምልክት የለም።

«ታዲያ መብራቱ ለምን በራ?» አለ ሳጅኑ።

«እስኪ እሱን እንጠይቀው።» ቁልፉን ጠመዘዘችው።

ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። አንድ አፍታ ቆይቶ ከቁልፉ አጠገብ ትንሽ አረንጓዴ መብራት በራች።

«ይኸውልሽ!» ሳጅኑ ወደ ኋላ ዘለለ። «ወንድምየው እውነቱን ነው! አጥፊው፣ አጥፊው፣ የመንግሥት ኤግዚቢት ሊቃጠል ነው!»

አጠፋችው። መብራቷም አብራ ጠፋች። መርማሪዋ ግን ቁልፉን አልለቀቀችም። እንደገና አስነሣችው፤ መጀመሪያ ጨለማ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ። አጠፋችው። ደግማ አስነሣችው። ሳጅኑ ሰዎች እያዩን ነው እስኪላት ድረስ ደጋገመችው። ከዚያ መሸጋገሪያው ላይ ቁጭ ብላ ውሃውን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ምን አገኘሽ?»

«እንጃ። የሚመስለኝ ነገር አለ።»

«ሲመስልሽ ነው እኮ የምፈራሽ» አለ ሳጅኑ።

*

መካኒኩ የእስር ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጧል። ዘይት የለቀለቃቸውን እጆቹን የሌላ ሰው ይመስል ዘርግቶ ያያቸዋል።

«የዘይት ግፊት የሚለካ ጌጅ አለህ?» አለችው።

«መደርደሪያው ላይ። ለምን?»

«ዘይትህ እንዲመሰክርልህ። የሞተሩ መብራት ደግሞ…» ብላ ጎንበስ አለችና በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀችው። ሰውየው ቀና አለ።

«እንዴታ! እንደሱ ነው እንጂ። ማን ነው ሌላ ያለሽ?»

«አሁን እሱን ተወው። ትናንት ከአማትህ ጋር ስለምን ነበር የምትጯጯሁት?»

መልሶ እጆቹን አየ። 

«ነገ ሲወስዱህ ለሚስትህ ምን ብዬ ልንገራት?» አለችው።

«‹ሚስትህን ይዘህ ለጥቂት ቀን ከዚህ ከተማ ውጣ› አለኝ። ‹ነገ ወንድሜን ይዤ የምሄድበት ቤት አለ፤ ከዚያ በኋላ ስማችን በዚህ ወደብ አይነሣም› አለኝ። ልትወልድ የደረሰች ሴት ይዤ የት ነው የምሄደው ብዬ ጮህኩበት። የማን ቤት ብለው አልነግርህም አለ። ለእሷም እንዳልናገር አስማለኝ።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ከወንድሙ ጋር ከክረምት ወዲህ አይነጋገሩም ነበር። ቤት ውስጥ እሷ እንዳታውቅ ይሳሳቃሉ፤ ጀልባው ላይ ግን እግሩን አያስረግጠውም። ሞተሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ታናሽየው አንድም ቀን አልወጣባትም።»

ከክረምት ወዲህ። መርማሪዋ የካፒቴኑ ልጅ ስለሰጠሙት አባትና ልጅ ያለቻትን አስታወሰች። በዚያው ከሰዓት ሐይቁን አሻግሩን ብላ፣ ማዶ ወደምትኖረው የዓሣ አጥማጁ ባለቤት ዘንድ ሄደች። ሳጅኑ ዓይኑን ጨፍኖ ተሻገረ።

ሴትዮዋ መረብ እየፈታች ነበር። የሚጠቀምበት ሰው የለም፤ እጇ ግን ሥራ አይፈታም። ካፒቴኑ ባሏና ልጇ ከሰጠሙ ጀምሮ ይመላለስ እንደነበር ነገረቻት። ጣሪያ ይጠግናል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ዓይኗን ግን አያያትም።

«‹ምን በድለኸኝ ነው?› አልኩት አንድ ቀን። ‹እኔ አይደለሁም፣ እህቴ› አለኝ። ‹የሚነግርሽን ሰው ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ራሱ በአፉ ካልነገረሽ ዋጋ የለውም› አለኝ። ትናንት በሰው ላከብኝ፣ ነገ ጠብቂን ብሎ። ዛሬ ስጠብቅ ነው የዋልኩት።» መረቡን አስቀመጠች። «ሬሳ ሆኖ ተገኘ አሉኝ። እናንተስ ልትነግሩኝ ነው የመጣችሁት?»

«ገና አላውቅም፣ እናቴ» አለች መርማሪዋ። «ነገ ጠዋት ወደቡ ይምጡ።»

*

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም መሸጋገሪያው ላይ ተሰበሰቡ። አዛዡ ሰዓቱን ያያል። መካኒኩ በካቴና፣ ሚስቱ ከጎኑ። ሎተሪ ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ታናሽየው እጁን ኪሱ ከትቶ ከጀልባዋ አጠገብ ነው። የዓሣ አጥማጁ ባለቤት ከኋላ፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ታናሽየው አንዴ አያትና ዳግም ወደዚያ አልዞረም።

«አጭር አድርጊው» አለ አዛዡ።

«እሞክራለሁ።» መርማሪዋ ጀልባዋ ውስጥ ወርዳ ከሞተሩ አጠገብ ቆመች። «ካፒቴኑ ሸምበቆው ውስጥ አልሞተም። የገመዱ ቋጠሮ ብዕሬን ሰብሮብኛል። ገመድ እንዲያ የሚጠብቀው ጀልባ ሲጎተት ነው። ሎተሪ አልጎተተም፤ እኛ ስንደርስ ደግሞ ቋጠሮው ጠብቆ ነው ያገኘነው። ሞተሩም ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር። ጀልባ የሚጎትት ሰው ሞተሩ ውሃ እንዳይገፋበት ያነሣዋል። ዘይት የሚለካ ሰው ግን አያነሣውም። ስለዚህ አንድ ሌላ ጀልባ ያለው ሰው ካፒቴኑን ሌላ ቦታ መታው፣ ጀልባዋን ወደ ሸምበቆው ጎተተ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ዘንጓን መዘዘ። ሞተሩን ማውረድ ግን ረሳ።»

«ጀልባ ያለው ሰው እዚህ ሞልቷል» አለ ሎተሪ፣ ትንሽ ደንገጥ ብሎ። «እኔም አለኝ።»

«አንተም አለህ። ስለዚህ ወደ ሞተሩ እንምጣ። ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ንጹሕ ነው። ዛሬ ጠዋት መካኒኩ በሳጅኑ ፊት ጌጅ ገጥሞ ለክቶታል። ግፊቱ የሚገባውን ያህል ነው።»

«የሚገባውን ያህል ነው» አለ ሳጅኑ። «ምን ያህል እንደሚገባው ባላውቅም።»

«ደህና ሞተር ከሆነ ካፒቴኑ ሐይቅ መሃል ለምን ይከፍተዋል? የከፈተው ነው ያልነው በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ብቻ ነው፤ ‹የዘይት መብራቱ በራብኝ› በሚለው። እስኪ እንየው።»

ቁልፉን ጠመዘዘችው። ሞተሩ ተነሣ። አንድ አፍታ። አረንጓዴዋ መብራት በራች።

ሎተሪ አልተነቃነቀም። መካኒኩም አልተነቃነቀም። ታናሽየው ግን «ኧረ አጥፊው! ነደደ እኮ!» ብሎ ከመሸጋገሪያው ዘሎ ወረደና እጇን ገፍቶ ቁልፉን መለሰው። ሞተሩ ጸጥ አለ።

«አመሰግናለሁ» አለች መርማሪዋ። «ሎተሪ፣ አንተስ ለምን አልዘለልክም?»

«ለምን ልዝለል? ዘይቴ ደህና ነው እያለችሽ!» ከዚያ ሎተሪ ራሱ የተናገረውን ሰማው። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«የዚህ ወደብ ሞተሮች በሙሉ ቀይ መብራት ነው ያላቸው» አለች መርማሪዋ። «ቀዩ የሚበራው ዘይት ሲቸግር ነው። ይህኛው ግን የተለየ ነው። ዘይቱ ሲንቀሳቀስ አረንጓዴዋ ትበራለች፤ ግፊቱ ሲወርድ ትጠፋለች። እኔም አላውቅም ነበር። ግን ችግር የምትነግር መብራት ብትሆን ኖሮ ሞተሩ ሲነሣ በርታ ዘይቱ ሲደርስ በጠፋች ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ ጨለማ ናት። ካፒቴኑ ቢቸገር ኖሮ ‹መብራቴ ጠፋችብኝ› ነበር የሚለው። ‹በራብኝ› ሊል አይችልም፤ መንገዱን ሁሉ በርታ ነው የምትሄደው።»

«‹መብራቴ እስካለች ድረስ አታስቢ›» አለች የካፒቴኑ ልጅ ቀስ ብላ። ከዚያ አጎቷን አየችው። «ጋሼ?»

«ተሳስቶ ይሆናል… ወይ እኔ አጥርቼ አልሰማሁትም…» አለ ታናሽየው። «እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ይህንንማ ማወቅ ነበረብህ። ‹በየቀኑ አብሬው እወጣለሁ› ብለኸኛል። በየቀኑ የሚወጣ ሰው መብራቷን በየቀኑ ያያታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሃት አሁን ነው። ካፒቴኑ ደውሎልሃል፣ እሱ እውነት ነው። የደወለው ግን ስለ ዘይት አልነበረም።»

አዛዡ ሰዓቱን ማየት ትቷል። «ይህ ግን ለፍርድ ቤት ይበቃል?» ብሎ ጠየቃት በሹክሹክታ። «እንጃ» አለች በዚያው ድምፅ። እውነቷን ነበር። ገመድ፣ ወደ ላይ የተነሣ ሞተርና አንዲት ትንሽ አምፖል፤ ያላት ይኸው ነው። ጎበዝ ጠበቃ በአንድ ጠዋት ሊበታትነው ይችላል።

የዓሣ አጥማጁ ባለቤት ከሣጥኑ ላይ ተነሣች። ማንም ነይ አላላትም። መሸጋገሪያው ጫፍ ድረስ መጥታ ቁልቁል ታናሽየውን አየችው።

«ሊያመጣልኝ የነበረው ሰው አንተ ነህ?»

ታናሽየው ቁልፉን እንደያዘ ነበር። ለቀቀው።

«ጀልባዬ ሰው ሞልቶ ነበር» አለ። ድምፁ ተሰብሯል። «ከልክ በላይ ጭኛለሁ። ማዕበሉ ጠርዙ ላይ ይደርሳል። ላነሣቸው ባቆም ሁላችንም እንገለበጣለን ብዬ… ሕፃናት ነበሩ ውስጥ። መሪውን አዞርኩት። ሰው አላየም፣ ዝናብ ነበር። ለወንድሜ ብቻ ነገርኩት፤ ይረዳኛል ብዬ።» ትንፋሹን ሳበ። «‹ሂድና ንገራት› አለኝ። ከክረምት ወዲህ ንገራት፣ ንገራት። ትናንት ጠዋት ደውሎ ሐይቁ መሃል ጠራኝ፣ ‹ዛሬ አብረን እንሄዳለን፣ እምቢ ካልክ ብቻዬን እሄዳለሁ› አለኝ። ፊቱን አዙሮ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል… መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር። አዝሎ ነው እኮ ያሳደገኝ።»

 ውሃው የመሸጋገሪያውን እግር ይመታል።

«አየሃቸው?» አለች ሴትዮዋ።

«አየሁ።»

«የቱ ነው እጁን ያነሣው? ባሌ ነው ልጄ?»

ታናሽየው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። መልሱ ከጣቶቹ መሃል ነው የወጣው።

«ልጁ ነው። አባትየው ከሥር ይዞት ነበር።»

ሴትዮዋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ይህን ለመስማት ከክረምት ጀምሮ ስትጠብቅ እንደኖረች ታስታውቃለች፤ ከሰማች በኋላ ምን እንደምታደርግበት ግን አታውቅም። ተመልሳ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች።

ሳጅኑ የመካኒኩን ካቴና ፈትቶ፣ ውሃውን መፍራቱን ረስቶ፣ ጀልባዋ ውስጥ ወረደ። ታናሽየው እጆቹን ራሱ ዘረጋለት። ሲወስዱት በወንድሙ ልጅ አጠገብ አለፈ። ሊናገራት አፉን ከፈተ፤ እሷ ሆዷን ይዛ ፊቷን አዞረች።

«ዋሽቶ በባሌ ላይ ሊያስፈርድ ነበር» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ፣ አብሮኝ እያለቀሰ።»

«ልቅሶው እውነት ነበር» አለች መርማሪዋ። ለምን እንደተናገረች አላወቀችም። ማጽናኛ እንዳልሆነ ከልጅቱ ፊት ተረዳች።

ሰዉ ሲበተን የዓሣ አጥማጁ ባለቤት ብቻዋን ቀረች፤ የሚያሻግራት የለም። ሎተሪ እኔ ልውሰዳቸው ብሎ ተነሥቶ ነበር። የካፒቴኑ ልጅ ግን ቀደመችው።

«ተራው የአባዬ ነው» አለች። ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ንዳት። እኔም እሄዳለሁ።»

«በዚህ ሆድሽ?»

«በዚህ ሆዴ።»

ሎተሪ ገመዱን በቢላዋ ቆረጠላቸው፤ ቋጠሮው እስከ መጨረሻው አልተፈታም። መካኒኩ ክዳኑን ገጥሞ ሞተሩን አስነሣ። አንድ አፍታ ጨለማ ሆነ፤ ልጅቱ እስትንፋሷን ያዘች። አረንጓዴዋ በራች።

መንገዱን ሁሉ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። መሃሉ ላይ ሲደርሱ የዓሣ አጥማጁ ባለቤት እጇን ወደ ውሃው ሰደደችና ጣቶቿን እያስነካች ሄደች። የካፒቴኑ ልጅ ውሃውን አላየችም። ዓይኗ መብራቷ ላይ ነበር።

ማዶ ሲደርሱ ባሏ ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ወደ ቁልፉ ሰነዘረ።

«ትንሽ ቆይ» አለችው።